ወር ተረኛው ፈረንጅ

ፈረንጁ ብርድ ልብሱን እየጠቀለለ ነበር። ፈንታነሽ በበሩ ስንጥቅ ያየችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ለመደንገጥ ግን በቃት። ሦስት ወር ሙሉ በዚያች ክፍል ሲያድር ብርድ ልብሱን አንድ ቀን እንኳ አጥፎት አያውቅም፤ ጠዋት ከውስጡ ሾልኮ ይወጣል፣ ማታ ተመልሶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። አሁን ግን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ፊቱ እስኪቀላ ትንፋሹን ይዞ ይጠቀልለዋል። እንዲህ አድርጎ የሚጠቀልል ሰው መንገደኛ ነው። አጠገቡ ያ ትልቅ የጀርባ ቦርሳው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ መጀመሪያ ቢቸና ሲገባ ያዩት ሰዎች ሌላ ትንሽ ሰው ያዘለ መስሏቸው የነበረው ቦርሳ። ፈንታነሽ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። ቀኑ ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። ጓዳዋ ውስጥ ሁለት ጋን ጠላ፣ ሦስት ድፎ ዳቦና አንድ ድስት ሙሉ የበግ ወጥ ተሰናድቶ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ድግስ ደግሞ የእሷ አልነበረም። የፈረንጁ ነበር።

«ሄኖክ!» አለች በሩን ገፋ አድርጋ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሄንክ ነው፣ አገሩም ሆላንድ ነው፤ ቢቸና ግን ስሙን በሦስት ቀን ውስጥ አቃንታ ሰጥታዋለች።

«እትዬ ፈንታ! እንዴት አደርሽ። ዛሬ መሄድ ነው። የሐምዱ መኪና፣ አምስት ሰዓት፣ ሞጣ።»

«ዛሬ? በሚካኤል?»

«ሚካኤል ሞጣ የለም?» አለ ሄኖክ፣ ከልቡ ገርሞት።

ሰውየው ከናይሮቢ ተነስቶ በእግሩም በመኪናም እስክንድርያ ድረስ ሊሄድ ያሰበ ነው። ለምን እንደሚሄድ ፈንታነሽ ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። ዘመድ አለህ? የለም። ትነግዳለህ? የለም። ስለት አለብህ? ስለት ምን እንደሆነ ስታስረዳው ብዙ አሰበና «ምናልባት» አላት። ቢቸና ላይ የቆመው ሆዱን አሞት ነው። ሲሻለው የሐምዱ ወፍጮ ተበላሽቶ፣ ሴቶች እህላቸውን ይዘው በሩ ላይ ተኮልኩለው አገኘ፤ ገባ፣ ሞተሩን ፈታታው፣ በሦስተኛው ቀን አስነሳው። ሐምዱ የሞጣ ነጋዴ ነው። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስለት ደምለው ታሞ አዲስ አበባ ሄዶበት ስለነበር «ደምለው እስኪመለስ» ብሎ ፈረንጁን በቀን ሁለት ብር ቀጠረው፤ ዱቄት በላዩ። ሄኖክ አማርኛ የተማረው እዚያው ወፍጮ ቤት፣ ከሴቶቹ ነው። ስለዚህ ሰውን ሁሉ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳይቀር፣ «አንቺ» ይላል። ደምለው ባለፈው ሰኞ ተመልሷል። ሄኖክ አሁን ፓስፖርቱን አውጥቶ አንዲት ማኅተም በጣቱ እየመታ «ሰባት ቀን» አላት። በሰባት ቀን ውስጥ ሱዳን መግባት አለበት። የሐምዱ የጭነት መኪና ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ለሁለት ሳምንት አይመጣም።

ክፍሏ ትንሽ ናት፤ አንድ መደብ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ፈንታነሽ «ተከራይ» የሚለውን ቃል አፏ ላይ አታደርሰውም። እንግዳዬ ነው ትላለች፤ እንግዳውም በወር አምስት ብር ይሰጣታል። እንግዳነቱን ግን ከልቧ ወድዳው ነበር። ማታ ማታ ነጭ ዱቄት የለበሰ ፂሙን እያራገፈ ሲገባ የሟች ባሏን ጋቢ የለበሰ ይመስል ትከሻውን ትጠርግለታለች። አሁን ግን ትከሻውን ይዛ ልትነቀንቀው ከጀላት።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ወር፣ እዚሁ ቤት ነው። የሚካኤል ማኅበር ዐሥራ ሁለት አባላት አሉት። በየወሩ አንዱ ይደግሳል፤ ድግሱ ሲያበቃ ጽዋውን፣ ማለትም ነጭ ጨርቅ የለበሰችውን ትንሽ ማሰሮ፣ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። የተረከበ ተረከበ ነው፤ ወሩ የእሱ ነው። ያን ዕለት ደጋሿ ፈንታነሽ፣ ተረኛዋ ደግሞ የሟች ባሏ እኅት ውበቴ ነበረች። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ አያ ወልደ ኪዳን «ውበቴ፣ ነይ ተረከቢ» ሲሉ ውበቴ አልተነሳችም። ነጠላዋን አስተካከለች። እንደገና አስተካከለች። በዚያ ክረምት የውበቴን ማሳ ብቻ መርጦ በረዶ እንደመታው ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ስለሚያውቅም ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። ፈንታነሽ ማሰሮዋን ይዛ እንደቆመች እጇ ዛለ። ይሄኔ በር አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሄኖክ፣ አንዲት ሴት ከባድ ነገር ይዛ የሚቀበላት ሰው ጠፍቶ ባየ ጊዜ፣ ዘሎ ተነሳና ማሰሮዋን ተቀበላት። ሌሎቹ ሲያደርጉ አይቶ ነበርና ማሰሮዋን ሳማት።

አያ ወልደ ኪዳን ሠላሳ ዓመት በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ፍርድ ቤቱን ይዘውት የወጡ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተረከበ» አሉ።

«ኧረ አያ ወልደ ኪዳን፣ ፈረንጅ እኮ ነው!» አለ ከአባላቱ አንዱ።

«በሁለት እጁ ነው የተቀበለ?»

«በሁለት እጁ ነው።»

«ስሟል?»

«ስሟል።»

«እንግዲያ ምን ጎደለ? ዋስ ብቻ። ዋሱ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፈንታነሽ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ውበቴን ከዚያ ዝምታ ያወጣቻት መስሏት ነበር፤ ውበቴ ግን በማግስቱ ለጎረቤት «ድኻ መሆኔን በሰው ፊት በዋስ አጸደቀችብኝ» አለች፤ ነገሩም ሳይውል ሳያድር ፈንታነሽ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ወፍጮ ቤት ሲገናኙ ውበቴ ሰላምታውን ለሰው ሁሉ አዳርሳ፣ ፈንታነሽ ጋ ስትደርስ እህሏን ታያለች። ፈንታነሽም የራሷን እህል ታያለች። እህል ለብዙ ጊዜ ሲያዩት ምንም እንደሌለው ሁለቱም ተምረዋል።

የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነው፤ ጽዋ ተረክቦ ያልደገሰ ይሰረዛል፤ ተረካቢው ከጠፋ ዋሱ ይሰረዛል። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ፈንታነሽ ግን ልጅ የላትም፣ ባሏም ሞቷል፤ ሲያማት ደጇን የሚያንኳኩት እነዚያ ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ስታሰናዳ ከረመች። ሄኖክ ጠላ ስትጠምቅ ያያትና «ለማን ነው?» ይላታል። «ላንተ» ትለዋለች። ይስቃል። በጉ ተገዝቶ ሲመጣ «ለማን ነው?» አላት። «ላንተ።» በጣም ሳቀ፤ በጉን ጆሮውን አሻሸው። ደጋሽ በዕለቱ ቆሞ ማስተናገድና ጽዋውን በእጁ ማስረከብ እንዳለበት ደጋግማ ነግራዋለች፤ እሱም ደጋግሞ «እሺ» ብሏታል። ሄኖክ ያልገባውን ነገር ሁሉ «እሺ» እንደሚል አሁን ነው የገባት።

«አትሄድም» አለችው። «ወሩ ያንተ ነው።»

«ወር? ከፈልኩ እኮ።»

«የቤቱ አይደለም፤ የጽዋው!» ጓዳ ገብታ ማሰሮዋን አመጣችና ፊቱ አቆመቻት። በምልክት ጭምር አሳየችው፤ ተቀበልክ፣ ሳምክ፣ ጠላው ያንተ፣ በጉ ያንተ፣ ሰዎቹ ያንተ። ሄኖክ ቀስ ብሎ ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። ቀይ የነበረው ፊቱ ነጣ።

«ሁሉም? በጉም?»

«በጉም።»

«እኔ መርዳት ነው የፈለግሁ።»

«ረዳኸን እኮ! ረድተህ ጨረስከን።»

ሄኖክ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእጅ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ያስፈራው ጀመር። ነጠላዋን ልትደርብ ማሰሮዋን «እስቲ ያዝልኝ» ብትለው እጆቹን ከኋላው ደብቆ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። «ወር አለው?» አላት።

አያ ወልደ ኪዳንን ያገኟቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው። መኪናው ጤፍ እየጫነ ነበር። የማኅበሩ ሰዎችም ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላቸው ደረሱ፤ ውበቴም ከሁሉም ኋላ። ፈንታነሽ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። አያ ወልደ ኪዳን ገና ያልተጫነ አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ፊታቸውም ሃያ ዓመት የወረደላቸው ይመስል በራ።

«ተከሳሽ ይቅረብ። ስም?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለ ሄኖክ።

ዐሥራ አንድ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

«አውቀዋለሁ። ለመዝገቡ ነው» አሉ አያ ወልደ ኪዳን። መዝገብ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

ሄኖክ ከቀበሌ ያወጣውን የመሸኛ ደብዳቤ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ የተጠቀሰው ግለሰብ ጠባዩ መልካም መሆኑን፣ በቀበሌው ነዋሪ በነበረ ጊዜ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ተግባብቶ መኖሩንና ከማንም ጋር ምንም ዓይነት ጉዳይ የሌለው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ማኅተምም አለው። አያ ወልደ ኪዳን ማኅተሙን በፀሐይ አዩት። «ይህን ሲጽፉ ሚካኤልን ጠይቀዋል?» አሉ። አልጠየቁም። ደብዳቤውን አጥፈው መለሱለት።

«እኔ የምለው፣ በእሱ ፈንታ ፈንታነሽ ቆማ ታስተናግድ ብንል ምናለበት?» አለ አንዱ።

«ዋስ ለዋስትናው ነው እንጂ በተረኛው እጅ ፈንታ አይደለም» አሉ አያ ወልደ ኪዳን፤ «ደንብ ነው። ደግሞ ሌላም ደንብ አለ፤ ጽዋ የሚጠጣው በተረኛው ቤት ነው። ሄኖክ፣ ቤትህ የት ነው?»

«ሮተርዳም።»

«እዚያማ አይደርስም፣ ናፍጣ የለኝም» አለ ሾፌሩ ኃይለ ሚካኤል ከመኪናው ሥር ሆኖ።

«እዚህ አገርስ?»

ሄኖክ ወደ ፈንታነሽ አየ፣ ፈንታነሽ ወደ መሬት። «ቤቷን ለቅቀሃል» አሉ አያ ወልደ ኪዳን፤ «ብርድ ልብስህን ጠቅልለሃል፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ጀርባህ ላይ ነው።» ሄኖክ ብዙ አሰበ። ከዚያ ቦርሳውን አወረደና መታ መታ አደረገው።

«ይቺ ናት ቤቴ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ወልደ ኪዳን ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ቦርሳውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ውስጧ ምን አለ?» አሉ። ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ድስት፣ ማንኪያ፣ መጽሐፍ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚወጠር ሸራ። «ጣራ አላት ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ፣ ሰው ሳይጠይቃቸው፣ ከደብረ ወርቅ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ጎንጅ በቅኔ ትምህርት ሰባት ዓመት እንደዞሩ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አኮፋዳቸውን ተንተርሰው እንዳደሩ፣ አንድ ቀን ዲማ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ቤትህ የት ነው ብትላቸው አኮፋዳቸውን እንዳሳዩዋት ተናገሩ። «ሴትዮዋ ሳቀች» አሉ። «እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር።» ከጆንያው ተነሱ።

«ፍርድ። ቤቱ ይቺ ናት፤ ቤቱ ወደ ሞጣ እየሄደች ነው፤ ማኅበሩም ቤቱን ይከተላል። ጠላው ይምጣ!»

«አያ ወልደ ኪዳን!» አለ ኃይለ ሚካኤል ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ፤ «መኪናው ጤፍ ነው የጫነ! ሰው ከተጫነም ለሰው አንድ ብር ከሃምሳ ነው!»

«ስምህን ማን አልከኝ?»

«…ኃይለ ሚካኤል።»

«ዛሬስ ማን ነው?»

ኃይለ ሚካኤል የኋላውን በር ከፈተ። ጋኑ ስለማይነሳ ጠላው በገንቦና በቅል ተቀዳ፤ ወጡ ክዳኑ በጨርቅ ታሰረ። የማኅበሩ ቄስ ሽማግሌ ስለሆኑ መኪናው ላይ መውጣት አልሆነላቸውም፤ ከታች ሆነው ዳቦውንም፣ ጠላውንም፣ ጎማዎቹንም ባረኩና ድርሻቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አባላቱ ጆንያው ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። መሀል ላይ ቦርሳዋ ቆመች፣ ከአጠገቧ ጽዋዋ። ውበቴ መጨረሻ ቀረች። ሌላ መሄጃ እንዳላት ሰው ወዲያና ወዲህ አየች። ሄኖክ ከላይ እጁን ዘረጋላት። ውበቴ እጁን ያዘችና ወጣች፤ ክፍት የነበረው ቦታ ግን ከፈንታነሽ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። ጀርባዋን ለጀርባዋ ሰጥታ ተቀመጠች።

ደጋሽ አይቀመጥም። ሄኖክ ቢቸናን ከለቀቁ ጀምሮ በሚወዛወዝ መኪና ላይ፣ በጤፍ ጆንያ ላይ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ አስተናገደ። ፈንታነሽ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያልክ ዙር ብላዋለች። እሱም እያንዳንዱ ሰው ፊት ጎንበስ እያለ «ብዪልኝ፣ ጠጪልኝ» ይላል። አያ ወልደ ኪዳን ፊት ደረሰና «ጠጪልኝ እንጂ፣ አትፈሪ» አላቸው። አያ ወልደ ኪዳን ጠጡለት። መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፤ ጉድጓዱ ገና አልተደለደለም። መኪናው ሲዘል ማኅበሩ ይዘላል፣ መኪናው ሲያርፍ ማኅበሩ ያርፋል፤ ወጡ ግን ሁልጊዜ አንድ አፍታ ዘግይቶ ነው የሚያርፍ። አንድ ጊዜ አያ ወልደ ኪዳን ጋቢ ላይ አረፈ። ሄኖክ በድንጋጤ ጋቢውን በመሀረቡ ሲጠርግ ወጡን ለመላው ጋቢ አዳረሰው። «ተወው» አሉ፤ «ድግስ የነካው ልብስ ነው።» ደብረ ወርቅ ሲደርሱ መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ነጭ የለበሰ ሰው፣ ጠላና ዳቦ ሲያዩ ሠርግ መሰላቸውና እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ «ሙሽራዋስ የታለች?» ብለው ጮኹ። ኃይለ ሚካኤል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ቦርሳዋን አሳያቸው። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ፤ ግን እልልታው ተጀምሯልና እሳቸውም አብረው ጨረሱት።

ፈንታነሽ ያን ሁሉ መንገድ ጀርባዋ ላይ የውበቴን ጀርባ ትሰማዋለች። ሙቀቱን ትሰማዋለች፤ ውበቴ ስትስቅ ይንቀጠቀጣል፣ ፈንታነሽ ስትስቅ ግን ዝም ይላል። አንድ ወንዝ ላይ ሲደርሱ መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ። ውበቴ ሳታስበው እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የፈንታነሽን እጅ ጨበጠች። መሬቱ ሜዳ ሲሆን ለቀቀቻት። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ፣ ለማንም የማታሰጋ ጉድጓድ መጣች። እንደገና ጨበጠቻት። ፈንታነሽ ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ዐይኗን ጥላ ጉድጓድ ትለምን ጀመር።

ሞጣ የገቡት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው፤ መኪናው ሐምዱ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ሐምዱ ጤፍ ብቻ ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ጆንያው ላይ አንድ ሙሉ ማኅበር ቁጭ ብሎ ሲያገኝ መጀመሪያ ኃይለ ሚካኤልን አየ፣ ቀጥሎ ሰማዩን። ነገሩ ሲነገረው ግን ሱቁን ለዘመዱ ትቶ፣ ሰው እንዲቀመጥ አግዳሚ ወንበር አስወጣ። ለሄኖክም ሻይ በብርጭቆ ይዞለት መጣ።

«ሄኖክ፣ አትሂድ። ደምለውም ይኑር፣ አንተም ኑር። እዚህ ሞጣ ሌላ ወፍጮ ላቆም ነው፤ በቀን አራት ብር። እስክንድርያ ምን አለ? ባሕር ነው። ባሕር ደግሞ አይፈጭም!»

ሄኖክ ሻዩን አየ። እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ።

«ወር አለው?»

«ምን?»

ነገሩን አስረዱት። ሐምዱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ወላሂ ሻይ ብቻ ነው! ስኳር ነው ያለው!» ሄኖክ ተቀበለና ጠጣ። ወፍጮውን ግን አልተቀበለም። «ደምለው ጥሩ ነው» አለ፤ «እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

ከዚያ አያ ወልደ ኪዳን በከዘራቸው መሬቱን መቱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽዋው መተላለፍ አለበት። ሄኖክ ማሰሮዋን አንስቶ ቦርሳዋ አጠገብ ቆመ። ሞጣዎች ደግሞ ወሬውን ከሾፌሩ ሰምተው ስለነበር፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ፤ ከፊሉ ኪሱ ውስጥ፣ ከፊሉ ነጠላው ሥር። ሐምዱ እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ሁለት እርምጃ ወደ ሱቁ ተጠጋ። «እኔ በሩቁ ደስ ይለኛል» አለ።

«ተረኛ ውበቴ» አሉ አያ ወልደ ኪዳን። «ነይ ተረከቢ።»

ውበቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ያ ዝምታ መጣ። የባለፈው ወር ዝምታ ነው፤ ከቢቸና ድረስ ተከትሏቸው የመጣ። ጣራ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን አየ። ፈንታነሽ ግን መሬት መሬቱን ነበር የምታየው፤ አፏ ላይ የደረሰውን ቃል በጥርሷ ያዘችው። ባለፈው ወር አፏ ቀድሟት ነበር፤ ዛሬ ሞታ እንኳ አትናገርም። ውበቴ ካልተረከበች ጽዋው ወዴትም አይሄድም፤ ወደ ዋሱ ነው የሚመለስ፤ ዋሱ ደግሞ ሁለት ወር ደርቦ መደገስ አይፈቀድለትምና ይሰረዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሄኖክ ብቻ ነው የማያውቀው። ማሰሮዋን በተዘረጋ እጁ እንደያዘ ክንዱ ዛለ።

«ሄኖክ» አለች ውበቴ ድንገት፤ «በጉን አንተ ነህ የገዛኸው?»

«አይ። እትዬ ፈንታ።»

«ጠላውንስ አንተ ጠመቅኸው?»

«አይ። እትዬ ፈንታ።»

«ዳቦውስ?»

«እትዬ ፈንታ።»

«ታዲያ ወሩ ያንተ ነው የሚባል፣ አንተ ምን አደረግህ?»

ሄኖክ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያደረገውን አሰበ። ጉልበቱን ደባበሰ።

«እኔ ቆምኩ» አለ።

ውበቴ አየችው። ፂሙ ላይ ወጥ አለ፣ ሱሪው ጠላ ጠጥቷል፣ ጤፍ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከዚያ ቦርሳዋን አየች፤ ያን ሁሉ ሰው ያስተናገደችውን ቤት። ከንፈሯ ጫፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። «መቆምማ እኔስ መች አነሰኝ» አለችና ተነሳች። ማሰሮዋን ተቀበለች፤ ሳመቻትም።

«ተረከበች!» አሉ አያ ወልደ ኪዳን፣ ድምፃቸው ሳይታወቃቸው ከፍ ብሎ። «ዋሷ ማነው?»

ፈንታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ውበቴ ወደ እሷ ዞር አለች።

«አሁን ምን ይዘጋታል?» አለች፤ «ባለፈው ወር ሳትጠየቅ ነበር የመለሰች!»

«እኔ ነኝ» አለች ፈንታነሽ ከነጠላዋ ሥር።

«ጮክ በይ፣ ለመዝገቡ ነው» አሉ አያ ወልደ ኪዳን።

«እኔ ነኝ!» አለች፤ የሞጣ ገበያተኛ ዞሮ አያት። ውበቴ ማሰሮዋን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች በሌላው የፈንታነሽን እጅ ያዘች። በዚያ ቦታ ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ኃይለ ሚካኤል ጤፉን አራግፎ ሲያበቃ፣ ሳይመሽ ልድረስ ብሎ ክላክሱን ደጋገመ። ማኅበሩ ወደ ባዶው መኪና ወጣ። ሄኖክ ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ይጠብቃል፤ ዛሬ ሐምዱ ቤት ያድራል። ፈንታነሽ ከተረፈው ድፎ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እሱ መጣች። ትከሻው ላይ ያለውን ዱቄት ልትጠርግለት እጇን አነሳች፤ ዱቄት አልነበረም፣ ቢሆንም ጠረገችለት። ዳቦውን ዘረጋችለት።

ሄኖክ እጆቹን ከኋላው አደረገ።

«ወር አለው?» አላት።

ፈንታነሽ አሰበች። ምንም የለውም፣ ስንቅ ነው ልትለው ነበር።

«አለው» አለችው። «የዓመት ነው። ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ቢቸና።»

ሄኖክ ዳቦውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ አየ። ከዚያ እጆቹን ከኋላው አወጣና ዳቦውን በሁለቱም ተቀበላት፤ ዳቦውንም ሳመው።

«ተረከበ!» የሚል ድምፅ ከመኪናው ላይ መጣ። «ዋሱ ማነው?» መኪናው ግን መንቀሳቀስ ጀምሮ ስለነበር፣ ፈንታነሽ መልሱን እየሮጠች ነው የሰጠችው።